በቀን ሁለት ገጽ

ላሊበላ ስመደብ ከአማርኛው ክፍለ ጊዜ ጋር የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍም አብሮ ተሰጠኝ። ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ሲያስረክበኝ፣ «ብዙም ሥራ የለውም። ጠዋት ያረፈዱትን ታስገቢያቸውና ትቆልፊባቸዋለሽ» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም።

በዚያ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማለት እስር ቤት ነበር። ያረፈደ፣ ዩኒፎርሙን ያልለበሰ፣ ክፍል ውስጥ ያወራ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ አንድ መጽሐፍ ይጣልለትና በቃህ እስኪባል አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። መጽሐፉ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። አብዛኛው መጽሐፍ ሀገር ሊጎበኙ የመጡ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት ወይም በካርቶን የላኩት ነው፤ በበረዶ ላይ ስለ መንሸራተት፣ ስለ ውሻ አመጋገብ፣ ስለ ግቢ አትክልት አከራከም። የአማርኛው አንዲት መደርደሪያ እንኳን አይሞላም፤ እሱም ቢሆን ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ወይ መጀመሪያው ወይ መጨረሻው የጎደለ ነው። አንድ ቀን መስኮቱ ስር ሁለት ልጆች ሲጣሉ አንደኛው ሌላውን፣ «ቆይ ብቻ! ለቲቸር ነግሬ ባላስነብብህ!» ብሎ ሲዝትበት በጆሮዬ ሰማሁ።

ያን ዕለት ነው ቁልፉን ለቅጣት አልሰጥም ያልኩት። ርዕሰ መምህሩ ቅር አለው። «ታዲያ ያረፈደውን የት ላድርገው?»

«ሜዳውን ያጽዳ።»

«ሜዳ ከሚያጸዳ ቢያነብ ይሻላል ብዬ እኮ ነው» አለኝ፣ የምሩን። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን የሚጠቅም ነገር ያደረገ ይመስለው ነበር። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ግን ከስብሰባ ወረቀት ሌላ ሲያነብ አይቼው አላውቅም።

እኔ ወገል ጤና ነው ያደግኩት። ማንበብ ያስለመደችኝ ታላቅ እህቴ ናት፤ ያውም ለእኔ አስባ ሳይሆን ከሥራ ለማምለጥ። ጮክ ብላ ታነብልኛለች፣ ታነብልኛለች፣ ልቤ ሲንጠለጠል መጽሐፉን ጥርቅም ታደርግና «ውኃውን ቀድተሽ ስትመጪ» ትለኛለች። ጀሪካኑን ተሸክሜ ስመለስ መጽሐፉን የሆነ ቦታ ደብቃ ወጥታለች። እየፈለግኩ፣ እያገኘሁ፣ እንደቆምኩ እያነበብኩ ነው ያደግኩት። ላሊበላ ላይ ልጆቹን ሳያቸው የመጣልኝ ዘዴ ይኸው የእህቴ ነበር።

ከሰባተኛ ክፍል ጀመርኩ። ክፍለ ጊዜዬ ሲጀምር በየቀኑ ሁለት ገጽ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ትምህርታችን እንገባለን። መጀመሪያ ማንም አልሰማኝም። ከፈረንጅ ኋላ እየሮጡ የአራት አገር ሰላምታ የለቃቀሙት ልጆች «ቲቸር፣ አማርኛ እኮ እንችላለን!» ይሉኛል። ለእነሱ መጽሐፍ ማለት የውጭ ቋንቋ ማጥኛ ነው፤ በሚችሉት ቋንቋ ማንበብ፣ የጠገበን ሰው እንደገና እንዲበላ እንደ ማስገደድ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉት ደግሞ ዳዊት የደገሙ ናቸው። አንብቡ ስላቸው በዜማ ይለቁታል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፣ እነሱም ሁለተኛ አፋቸውን አይከፍቱም።

እኔ ግን ሁለት ገጽ አነባለሁ፣ ነገሩ ሲጥም ጥርቅም አደርጋለሁ። እያደር «ቲቸር፣ ትንሽ ብቻ!» የሚሉ ድምፆች መጡ። እኔ ደግሞ «ነገ» እላለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ስደርስ የመስኮቱ መዝጊያ ተገንጥሎ አገኘሁት። የጠፋው ያ የማነብላቸው መጽሐፍ ብቻ ነበር። በማግስቱ ተመልሶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ሳነብላቸው የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች ገና ሳልደርስበት ቀድመው ይስቃሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ሌብነት የለም። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ ፈቀድኩ። ሁሉም በቀን ሁለት ገጽ፣ ቢያንስ።

አንዲት ልጅ ብቻ እምቢ አለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ በሒሳብ ክፍሉን የምትመራ ልጅ ናት። ሳነብ ወደ ውጭ ታያለች። አንዳንዴ ጆሮዋን በመዳፏ ስትሸፍን አያታለሁ።

«አንቺስ? የትኛውን ትወስጃለሽ?» አልኳት ተራዋ ሲደርስ።

«እኔ ይቅርብኝ።»

«ለምን?»

ወደ ጓደኞቿ ዞር ብላ አየች። ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። «ቲቸር፣ እኛ ቤት መጽሐፍ የተነበበው አያቴ የሞቱ ቀንና አባቴ የሞተ ቀን ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «እናቴ አትወድም። እኔም አልወድም።»

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ተነሥተው ወደ አዲሱ ሰፈር ከተዛወሩት ቤተሰቦች አንዱ ናቸው። እናትየው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ለሸማኔ እየሰጡ ነው የሚተዳደሩት። ታላቅ ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል። አባትየው ካረፉ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው።

እናትየው ሲያዩኝ እንዝርቱን አስቀመጡ። «ምነው መምህርት? ልጄ ምን አጠፋች?»

«ኧረ ምንም! ልጠይቅዎ ብዬ ነው የመጣሁት።» ስለ ንባቡ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጨለመ።

«ሒሳቡን ትማር፣ እንግሊዝኛውን ትማር፣ አልከለክልም። መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ልቤ ይከዳኛል። ባለቤቴ እዚህ፣ እዚህች ቦታ ተጋድሞ፣ ራስጌው ዳዊት ሲደገም ነው ያደረው። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።»

አልተከራከርኩም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲያወጉኝ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በገጠር ስላለችው መሬት ከዘመድ ጋር ለዓመታት ፍርድ ቤት መመላለሳቸውን ነገሩኝ። እንዲህ ሲሉ በቦርሳዬ ውስጥ ያለ አንድ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ሽፋን የሌለው፣ ማን እንደጻፈው እንኳን የማይታወቅ አሮጌ ልብ ወለድ ነው። አንዲት ማደሪያ ቤት ያላት ሴት፣ አንድ መንገደኛ በአደራ ያስቀመጠውን ወርቅ ሰረቅሽ ተብላ ተከሳለች። ታሪኩን በቃሌ ጀመርኩላቸው። መንገደኛው እንዴት እንደከሰሳት፣ ጎረቤቶቿ እንዴት በሐሰት እንደመሰከሩባት፣ ገበያ መሀል ሌባ ተብላ እንዴት እንደተጠራች። ዳኛው ሊናገር ሲነሣ አቆምኩ።

«እና ዳኛው ምን አለ?» አሉ።

«ይህን ልጅዎ ታንብብልዎ» ብዬ መጽሐፉን መደቡ ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ምን አደረጉን?» አለችኝ ተቆጥታም ስቃም። «እናቴ ራት ሳይቀርብ አንብቢ አለችኝ! ዳኛው ደግሞ ቀጠሮ ብቻ ነው የሰጠው። እናቴ እንዴት እንደተናደደች!»

እንዲህ ተጀመረ። እናት ይፈትላሉ፣ ልጅ ሁለት ገጽ ታነባለች። መጀመሪያ ልጅቱ የታዘዘችውን ሥራ እንደምትጨርስ ሰው እየሮጠች፣ እየዋጠች ታነብ ነበር። የለወጧት እናቷ ናቸው። በየመሀሉ ያስቆሟታል። ሐሰተኛውን ምስክር ይራገማሉ። ማደሪያ ቤት ያላትን ሴት «ዝም አትበይ፣ ተናገሪ እንጂ!» እያሉ ይመክሯታል። ልጅቱ ትስቃለች፣ ድምፅ ትለውጣለች፣ የዳኛውን አነጋገር ጎርነን አድርጋ ታነባለች። ታላቅ ወንድሟ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ጫማውን በቀስታ አውልቆ ጥግ ላይ ይቀመጥ እንደነበር እሷው ነግራኛለች። አንድ ቀን ራስ ምታት ይዟት ዛሬ ይቅር ብትላቸው፣ እናትየው «አንቺን ያመመሽ እንደሆነ ያቺ ሴት እስር ቤት ትደር?» ብለው ተቆጧት።

ያን መጽሐፍ ሊጨርሱ የደረሱ ሰሞን ቤታቸው ነበርኩ። የመጨረሻዎቹ ገጾች የተገነጠሉ መሆናቸውን አውቃለሁ። እስከዚያ ይዘልቃሉ ብዬ ስላላሰብኩ አልነገርኳቸውም። ልጅቱ እያነበበች የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ ደረሰች። ዓረፍተ ነገሩ ከመሀል ላይ ይቆረጣል። እናትየው እንዝርታቸውን ይዘው ቀርተዋል።

ልጅቱ አላቆመችም። ዓይኗን ከገጹ ላይ ሳታነሣ፣ ድምፅዋ ቅንጣት ሳይለወጥ ቀጠለች። ዳኛው ተናገረ። ወርቁ ከመንገደኛው ከራሱ በቅሎ ኮርቻ ስር ተገኘ። ዳኛው ሴትየዋን «በነጻ ተለቀሻል፤ ካሳሽንም ጠይቂ» አላት። ሴትየዋ ግን ካሳ አልፈለገችም። «ስሜ የጠፋው ገበያ መሀል ነው። ገበያ መሀል ይመለስልኝ» አለች። ዳኛው ራሱ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ፣ ይቺ ሴት ሌባ አይደለችም ብሎ ሦስት ጊዜ ተናገረ። ከዚያ ልጅቱ መጽሐፉን በቀስታ ዘጋችው። አንዱም ቃል ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

«እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» አሉ እናትየው ጭናቸውን መታ አድርገው። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሲሸኙኝ መንገድ ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ከየት አምጥታው ይሆን?»

«ምኑን?»

«ፊደል ባልለይ ዓይን የለኝም እንዴ? ያን ሁሉ ስታነብ እኮ ገጽ አልገለጠችም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ደስ ብሏት አየኋታ!» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንቺ» ይሉኝ ጀመር፤ ከእርስዎ ወደ አንቺ መውረዱ ለእኔ ሹመት ነበር። ቤቴ እስክደርስ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የሄድኩት። ይቺ ልጅ አንድ ቀን ትጽፋለች ብዬ በእርግጠኝነት አመንኩ። ያን እምነቴን ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

በዚያው ዓመት እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለና ትምህርት ቤታችን የንባብ ቀን አዘጋጀ። ርዕሰ መምህሩ ከተማሪዎቼ ማን ጥሩ እንደሚያነብ ጠየቀኝ። እሷን ነገርኩት። ከማደሪያ ቤቷ ሴት ታሪክ የምትወደውን ክፍል መርጣ ተለማመደች። በዕለቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ከእጇ ወሰደባትና ከካርቶን አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጣት። «ይኼ ሽፋኑ ያምራል፤ ፎቶ ላይም ይወጣል» አላት። ያ ስለ ውሻ አመጋገብ የሚያወራው ነበር። ፀሐይ ላይ ቆማ ውሻ በቀን ስንት ጊዜ ሥጋ እንደሚያስፈልገው ለተሰበሰበው ሕዝብ አነበበች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከፊት የተቀመጡት ወላጆችም ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። እናቷ ከኋላ ቆመው «ዳኛው የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። ፎቶ ተነሣ፣ እንግዶቹ ሄዱ፣ መጽሐፉ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሌላው ስለ ጦርነቱ ብዙ ያወራል፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። ወደ ትምህርት ቤቱ ስንመለስ የክፍሎቹ በሮች የሉም። ወንበሮቹና የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያዎች ምግብ ሲበስልባቸው ከርመዋል። እሳት ማቀጣጠያ የሆኑት የአማርኛዎቹ መጻሕፍት ናቸው፤ ወረቀታቸው ስስና ደረቅ ነበር፣ ቶሎ ይያያዛል። እነዚያ ወፋፍራም፣ አንጸባራቂ ወረቀት ያላቸው የእንግሊዝኛዎቹ እምቢ ብለው ተርፈዋል። አመዱ መሀል ቆሜ፣ ያ የውሻ ምስል ያለበት ሽፋን ከነጭራሹ ሳይነካ ሳየው ሳቅ መጣብኝ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ሁለተኛ አልስቅም።

በሳምንቱ ልጅቱ ፌስታል ይዛ መጣች። ተማሪዎች ቤት ወስደዋቸው የነበሩ ጥቂት የአማርኛ መጻሕፍት ናቸው። «ቲቸር፣ ለጊዜው እነዚህ ይበቁናል» አለችኝ። ለጊዜው። ልጆቹን ድንጋይ ላይ እያስቀመጥኩ ሁለት ገጻችንን እንደገና ጀመርን። እኔ ሲደክመኝ እሷ ታነብላቸዋለች። ማቆሚያ ቦታውን ከእኔ ይልቅ እሷ ትችልበት ነበር፤ እሷ ጥርቅም ስታደርገው ልጆቹ ይጮሃሉ።

አልዘለቀም። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ቱሪስት የሚባል ነገር ቀረ። ሆቴሎቹ ሠራተኛ አሰናበቱ። የወንድሟ ባጃጅ ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ለሳምንታት ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ቁመቷ ከእኔ በለጠ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ወንድሟ አስቆመኝ።

«ቲቸር፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «ያን ሁሉ አነበበች። ምን አመጣች?»

«ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ፈተናዋን ትወስዳለች። ከዚያ…»

«እስኪከፈት ምን ትብላ?»

በጥላቻ አልነበረም የጠየቀኝ። ጫማውን አውልቆ ጥግ ላይ ይሰማ የነበረ ሰው ነው። በእውነት መልስ እንድሰጠው ፈልጎ ፊቴን አየኝ። ስለ እውቀት፣ ስለ ነገ፣ ስለ አእምሮ መከፈት ክፍል ውስጥ የምናገራቸው ቃላት ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ አፌ ውስጥ አሸዋ ሆኑብኝ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሸና ሄደች። ዘመዳቸው የሆነች ሴት እዚያ ምግብ ቤት አላት። እናትየው ሲነግሩኝ ጥጣቸውን እያዩ ነበር። «ትምህርት ቤት ሲከፈት ትመለሳለች» አሉ። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። አልተመለሰችም።

አምና ወልድያ ለሥልጠና ተጠራሁ፤ የወጣቶችን የንባብ ልምድ ስለማዳበር። አሠልጣኙ ከትልቅ ከተማ የመጣ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ደግ የሚመስል ሰው ነው። ልጆች በቤታቸው ጸጥ ያለ የንባብ ጥግ ይኑራቸው፣ ለስላሳ መቀመጫና በቂ መብራት ይዘጋጅላቸው፣ የሚያነቡትን ራሳቸው ይምረጡ፣ ወላጅ እያነበበ አርአያ ይሁን አለን። ሁሉም ትክክል ነው። እጄን አንሥቼ፣ «መጽሐፉ የተቃጠለበት ትምህርት ቤት ልጆች ከምን ይምረጡ?» ብዬ ጠየቅኩ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለኝና ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፈ። ስንበተን «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» የሚል የታተመበት የጨርቅ ቦርሳና አንዳንድ አዲስ የተረት መጽሐፍ ሰጡን።

ስመለስ ሚኒባሱ ለምሳ ጋሸና ቆመ። ነፋሱ ያው የጋሸና ነፋስ ነው፤ ከመኪና እንደወረድኩ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ደረሰ። ከባድ መኪኖች መንገዱን ዳርና ዳር ይዘውታል። ሾፌሩ የመራን ምግብ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ከኋላዬ «ቲቸር!» የሚል ሰማሁ።

ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ እጇ እስከ ክንዷ እርጥብ፣ ትሪ ይዛ ቆማለች። ትሪውን አስቀምጣ አቀፈችኝ። አጥንቷ ተሰማኝ።

«ምን ላምጣልዎ? ሽሮ አለ፣ ጥብስ አለ፣ ፍርፍር አለ።»

«ቁጭ በይ እስኪ መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም፣ ባለቤቲቱ ታየኛለች» አለችኝ ወደ ጓዳው በዓይኗ እያመለከተች። «እናቴ እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው። አንቺስ?»

«እኔም ያው እንደሚያዩኝ።»

ከቦርሳው ውስጥ አዲሱን መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠኋት። እጇን በሽርጧ በደንብ ጠረገች። ተቀበለችኝ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፣ እንደቆመች ማንበብ ጀመረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ለአፍታ ያ የድሮው ፊቷ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ዘጋችውና መልሳ ጠረጴዛው ላይ፣ ወደ እኔ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው።

«አልወስደውም ቲቸር።»

«ምነው? በቀን ሁለት ገጽ እኮ ነው። አቅቶሽ አያውቅም።»

«ጊዜ የለኝም ብዬ ብዋሽዎ ይሻል ነበር። ጊዜስ አለኝ። መኪና ከሌለ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። አልፈልግም።»

«አስጠላሽ?»

«አልጠላሁትም።» በሩ ላይ ወደ ቆሙት መኪኖች አየች። «እዚህ ከእኔ ጋር የምትሠራ ልጅ አለች። ፊደል አትለይም። ሳህኗን ታጥባለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ከሾፌሮች ጋር ትሳሳቃለች፣ ደክሟት ትተኛለች። እኔ ግን አንድ ሰው በተናገረኝ ቁጥር ምን ብዬ መመለስ እንደነበረብኝ ሳስብ ነው የማመሸው። ይቺን ቤት አይቼው ከማላውቀው ቦታ ጋር አስተያያለሁ። ባላነብ ኖሮ ይኼ ይበቃኝ ነበር፣ ቲቸር። የራበኝ ሳነብ ነው። ያስራቡኝ እርስዎ ነዎት።»

ይህን ሁሉ ስትለኝ አልጮኸችም፤ አክብሮቷንም አላጎደለችም። ከጓዳ «የት ቀረሽ አንቺ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ትሪዋን አንሥታ ሄደች። ሽሮውን ያመጣችልኝ ሌላዋ ልጅ ናት፤ እየሳቀች ነው ያመጣችው፣ ሲጠሯትም እየሳቀች ሄደች። እኔ እንጀራውን እየቆራረስኩ ቀረሁ።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ተማሪዬ እየሮጠች እስከ መኪናው ድረስ መጣች። መጽሐፉን በመስኮት አቀበለችኝ፤ ሆን ብዬ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነበር። «ረስተዋል» አለችኝ፤ እንዳልረሳሁ ሁለታችንም እናውቃለን። «ለእናቴ ደህና ናት ይበሉልኝ። ከስታለች እንዳይሏት።»

ላሊበላ እንደደረስኩ በማግስቱ እናትየው ጋ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚፈትሉት። ገና ሳልቀመጥ «ከሳች?» አሉኝ።

«ኧረ የለም። ደህና ናት።»

ፊቴን ትንሽ አዩት። «ታነባለች?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። «ታነባለች» አልኳቸው።

«እሰይ» አሉ፣ እንዝርታቸውን እያዞሩ። «እንግዲያ ብቻዋን አይደለችም።»

ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ቁልቁለቱን ስወርድ አሠልጣኙን፣ ርዕሰ መምህሩን፣ ካርቶኖቹን፣ መጻሕፍቱን ያቃጠለውን የማላውቀውን ሰው፣ ሁሉንም በልቤ ስራገም ነበር። እርግማኑ ሲያልቅ እሷ ያለችኝ ነገር ብቻውን ቀረ። ውሸት ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ብዙ ሞከርኩ። እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

ያም ሆኖ በየቀኑ አነባለሁ። ትምህርት ቤቱ በተከፈተባቸው ቀኖች ሁሉ፣ ክፍለ ጊዜዬ ሲጀምር፣ ሁለት ገጽ። ሌላ የምችለው ሥራ የለኝም። አዲሶቹ ልጆች የመጀመሪያዎቹን አያውቋቸውም፤ እነሱም መጀመሪያ «አማርኛ እኮ እንችላለን» አሉኝ፣ እነሱም እያደር ዝም ብለው መስማት ጀመሩ። ድሮ ዝም ሲሉ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ዝምታቸውን ስሰማ አንዳንዴ ፈራ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ልጅ፣ እስከዚያ ቀን አንድም ገጽ አላነብም ያለች፣ ሁሉም ከወጡ በኋላ ቆየች። የጠዋቱን መጽሐፍ ቤቷ ወስዳ መጨረስ እንደምትፈልግ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አንሥቼ ዘረጋሁላት። በሁለት እጇ ያዘችው። እኔም እንደያዝኩት ነኝ።

«ቲቸር» አለችኝ እየሳቀች፣ «ይልቀቁት እንጂ!»

ለቀቅኩት።